የጋሽ ሐጎስ ፈረሰኛ

ባለፈው ሰሞን ለልጅ ልጄ የልደት ስጦታ ልገዛ ብዬ አንድ የመጫወቻ መደብር ገባሁ። ጡንቻቸው ያበጠ፣ ካባ የደረቡ፣ ጭንብል ያጠለቁ የፕላስቲክ ጀግኖች በየሳጥናቸው ሆነው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። መንታ የሚመስሉ ሁለት አነሳሁና የአንደኛው ዋጋ የሌላውን አራት እጥፍ ሆኖ ባገኘው ዓይኔን ተጠራጥሬ ሻጯን ጠራኋት። ትዕግሥተኛ ልጅ ናት። «እማማ፣ ይሄኛው ኦሪጅናል ነው፤ መጀመሪያ የፈጠሩት ሰዎች ፈቃድ ሰጥተውበት ነው የተሠራው። ያኛው ኮፒ ነው። ሳይጠይቁ አስመስለው ነው የሚያመርቱት። ይኸው ይዩት፣ ክንዱ ከአሁኑ ላልቷል፤ በሳምንቱ ይወልቃል» አለችና ክንዱን ወዘወዘችልኝ። እሷ ስለ ዕቃ ነው የምታወራው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ አንድ የማውቀው ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስል ዞር ብዬ አየሁ። «ወንበር ይኖርሻል?» አልኳት። ስኳር ያለብኝ መስሏት ሮጣ ውሃ አመጣችልኝ። ስኳርስ የለብኝም። ያለብኝ ሌላ ነው፤ እሱንም እስካሁን ለባሌም፣ ለልጆቼም፣ ለንስሐ አባቴም በቅጡ ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ የምንኖረው እሪ በከንቱ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት፣ ሰዓት እላፊ ውቤ በረሃን በጊዜ ያስተኛበት ዘመን በሉት። እኔ የማስታውሰው አውቶቡሱ አሥራ አምስት ሳንቲም እንደነበር ነው፤ ባንኮኒ ተደግፈን የምንጠጣው ማኪያቶ አረፋው እስከ አፍንጫችን እንደሚደርስ ነው፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከካኪው ዩኒፎርም ሥር ባለ አበባ ሸሚዝ ለብሰን አንገትጌውን ብቻ ወጣ አድርገን ፒያሳን ከላይ እስከ ታች እንደምንለካት ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ በራቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው አንዱ ክራር፣ ሌላው ሳክስፎን ይለቃል፤ ዘፈኖቹ መሐል አስፋልት ላይ ይጋጩና አላፊ አግዳሚው በየትኛው እንደሚራመድ ግራ ይገባው ነበር። አሁን ያ ሁሉ የለም። ቤቱ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ለልጆቼ «እዚህ ጋ ነበር» ስላቸው «የት ጋ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አላውቀውም።

ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጋሽ ሐጎስ የሚባሉ እንጨት ቀራጭ ነበሩ። በልጅነታቸው ከትግራይ መጥተው ከአንድ ጣሊያን አናጢ ዘንድ ሙያ የለመዱ፣ ሚስታቸው ሞታባቸው ለተብርሃን የምትባል፣ እኛ ለተ የምንላትን አንዲት ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው እንደ እኛው ነው፤ ደስ ሲላቸው ወይም ሲከፋቸው ብቻ ትግርኛው ያመልጣቸዋል። እኔን «ጓለይ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያ ቃል ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ነግሬያቸው አላውቅም። ሊቀርጹ ሲቀመጡ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ያወጣሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያስራሉ፣ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ቢጣላም ዝናብ ቢመጣም ቀና አይሉም።

ሰፈር ሙሉ የሚያውቃቸው በፈረሰኛቸው ነው። አንድ ስንዝር የሚሆን፣ ከዋንዛ እንጨት የተቀረጸ የጉግስ ተጫዋች ነው፤ በአንድ እጁ ጋሻ፣ በሌላው ዘንግ ይዟል፤ ትከሻው ላይ ከበግ ቆዳ የተቆረጠች ለምድ ጣል ተደርጎለታል። አፉን በትንሹ ከፈት አድርጎ፣ ሊፎክር አስቦ ቃሉ የጠፋበት ይመስላል። ግን ቁም ነገሩ መልኩ ላይ አልነበረም። ትከሻው፣ ክርኑ፣ ጉልበቱ ይታጠፋል። ከፈረሱ ካወረዱት ይቆማል፣ ካስቀመጡት ይቀመጣል፤ ዘንጉን ካነሳም ሌላ ሰው እስኪያወርድለት ድረስ አንስቶ ይቆያል። ለዚህ ሁሉ ሽቦም ምስማርም የለውም። ጋሽ ሐጎስ ከሉካንዳ የበሬ ጅማት ያመጣሉ፣ ይዘፈዝፉታል፣ ይሰነጥቁታል፣ እንደ ክር ይገምዱታል፣ ድንጋይ አንጠልጥለው ስምንት ቀን ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፤ በየመገጣጠሚያው የሚያልፈው ይኼ ነው። የተጣደፈ ሰው መጥቶ በአምስተኛው ቀን ቢለምናቸው «ገና አልደረቀም። ልጅዎ እጅ ላይ ቢላላ የማፍረው እኔ ነኝ» ብለው ይመልሱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ዘርግተው ይሸጣሉ። ገዢውን ሁሉ «ከተላቀቀ ይዘህልኝ ና» ይሉታል። ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም።

እኔ ደግሞ መንግሥት በወረሰው አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ናሙና ክፍል እሠራ ነበር። ናሙና ክፍል ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ፣ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የባልዲ ሥዕል ነን። ባልዲ፣ ጣሳ፣ ማበጠሪያ ነበር የምናወጣው። አንድ ቀን ታዲያ በበዓል ለልጆች የሚታደል መጫወቻ አምርቱ የሚል ትዕዛዝ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ እንደ ሁላችንም።

«ጓዲት የሺ፣ የውጭ አገር መጫወቻ ገልብጠን ማውጣት አንችልም፤ የኢምፔሪያሊስት ነው ይሉናል። አገርኛ የሆነ፣ ማንም ያልሠራው ነገር አምጪልኝ። ሁለት ሳምንት አለሽ።»

«ሁለት ሳምንት ለማበጠሪያም አይበቃ ጓድ» አልኩት። አልሳቀም። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ትራክተር ሣልኩ፣ ማጭድ የያዘ ገበሬ ሣልኩ፣ መዶሻ የያዘ ላብ አደር ሣልኩ። እጄ ከባልዲ ሌላ አያውቅምና ሁሉም ባልዲ ባልዲ አሉብኝ። ገበሬው እንኳን እጀታ ብቻ ነበር የቀረው። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ከሥራ ስመለስ ለተ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ሁለት ፈረሰኞች ታጋጥማለች። ቆሜ ሳያት ቆየሁ። እግሬ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሐጎስ ደጃፍ ወሰደኝ።

«ጋሽ ሐጎስ፣ አንድ ፈረሰኛ ያውሱኝ፤ ለአንድ ዘመዴ ልጅ ላሳየው» አልኳቸው። የዘመዴ ልጅ የሚባል አልነበረም። እሳቸው ተነስተው ከመደርደሪያው ላይ የተዋጣለትን መረጡ፣ በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ሙዳይ ውስጥ አስቀምጠው ሰጡኝ። «እስኪጠግበው ይጫወትበት ጓለይ» አሉኝ። ለምን እውነቱን እንዳልነገርኳቸው ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። እምቢ ይሉኛል ብዬ አይደለም። እሺ እንደሚሉኝ አሳምሬ አውቅ ነበር። እሺ ካሉኝ ግን ነገሩ የእሳቸው ሆኖ ይቀራል፤ እኔ የፈለግኩት የእኔ እንዲሆን ነው። ፋብሪካው ባዘጋጀው ቅጽ ላይ «የሐሳቡ ባለቤት» የሚል ክፍት መስመር ነበር። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ስሜን ጽፌ አላውቅም።

ከዚያማ ኮሚቴ ተቀመጠበት። ለምዱ የፊውዳል ነው ተብሎ ተገፈፈ። ጋሻው ተነሳ፣ ዘንጉ ጠመንጃ ሆነ፣ ራሱ ላይ የሚሊሺያ ቆብ ተደፋበት። ፋብሪካው የሚታጠፍ ጉልበት ማውጣት ስለማይችል እግሩ እንጨት ሆኖ ቀረ፤ የእንጨቱ ሰው ሥጋ ነበረው፣ የፕላስቲኩ ነው እንጨት የሆነው። ፈረሱ ላይ አይቀመጥም፣ ይጋደማል። ክንዱን በአንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ጉጥ ሰኩት። በመጋዘን ያለው የባልዲ ቀለም ብቻ ስለነበር ሰውም ፈረስም ጠመንጃም ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ፊቱን ግን ማንም አልነካውም፤ ያው አፉ ከፈት ያለው፣ ቃሉ የጠፋበት የጋሽ ሐጎስ ፊት ነበር። በዓሉ ደርሶ በየቀበሌው ታደለ፣ በየሱቁም ተሸጠ፣ እኔም ሠራተኛ ተሰብስቦ እያጨበጨበ የምስጋና ወረቀት ተቀበልኩ። እናቴ በመስታወት አስገብታ ከሥዕለ አድኅኖው ጎን ሰቀለችው። በወሩ የፒያሳ ቦይ ሁሉ በሰማያዊ ክንድ ተሞላ።

በእኛ ግቢ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ሰሃን ከሆነ ቆሎ፣ ሙዳይ ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ጣል ይደረግበታል። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የጋሽ ሐጎስን ፈረሰኛ ሙዳዩ ውስጥ መልሼ፣ ባዶውን እንዳይሄድ ብዬ ስድስት ሰማያዊ ፈረሰኞች ዙሪያውን ጠቀጠቅኩና ይዤላቸው ሄድኩ። ለለተ ይሆናል ብዬ፤ ስጦታ መስጠቴ ነው። ወግ የማውቅ ጨዋ ልጅ ነኛ! ያቺን ሙዳይ ይዤ በሩን ያንኳኳሁበት ሰዓት ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ድረስ ብቻዬን «ኧረ!» ብዬ እጮኻለሁ።

ጋሽ ሐጎስ ክዳኑን ከፈቱ። አንዱን ሰማያዊ አንስተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ፊቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ የራሳቸውን ፈረሰኛ እንደሚያንቀሳቅሱት አድርገው ክንዱን ቀስ አድርገው አነሱ። ክንዱ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ፊቱን አወቅኩት» አሉ። የወለቀውን ክንድ ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። «ክንዱን ግን ለምን እንዲህ አደረጋችሁት ጓለይ? ብትጠይቂኝ እኮ አሳይሽ ነበር። ልጆች እኮ ናቸው የሚይዙት።»

«ፋብሪካው ነው ጋሽ ሐጎስ፤ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» አልኩ።

«እሱስ ነው» አሉና ለተን ጠርተው ስድስቱንም ሰጧት። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። የወሰድኩባቸውን ነገር ትተው ስለ ክንዱ ነበር የተጨነቁት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የእጅ ሙያተኞች ሁሉ በማኅበር ተደራጅተው የሥራ ፈቃድ እንዲያወጡ ታዘዘ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ድልድዩ አጠገብ ጨርቅ መዘርጋት አይችልም። ጋሽ ሐጎስም እንደ ሁሉም ሰው የሥራቸውን ናሙና ይዘው ቀበሌ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ፋብሪካው ውስጥ እያለሁ ቀበሌ እንደምፈለግ ተነገረኝ። አዳራሹ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፈረሰኞች ጎን ለጎን ተደርገዋል፤ የእንጨቱ ተቀምጧል፣ ሰማያዊው ፈረሱ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ሐጎስ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ በዕድሜ ከኔ የማይበልጥ ወጣት ነው።

«ጓድ ሐጎስ፣ ይህ የሕዝብ ፋብሪካ ምርት ነው» ይላል ሰማያዊውን እያነሳ። «አንተ ይህንኑ አስመስለህ፣ ያውም የፊውዳል ልብስ አልብሰህ ትሸጣለህ። አሻጥር መሆኑን ታውቃለህ?»

አሻጥር! ያን ቃል ያልሰማ ሰው ምን እንደሚከብድ አይገባውም። የተባለበት ሰው ከሰፈር የሚጠፋበት ጊዜ ነበር።

«ጓድ፣ እኔ ይህን ስሠራ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ሰፈሩ ይመሰክራል» አሉ ጋሽ ሐጎስ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ከፋብሪካው ያስመጣውን ቅጽ ከአቃፊ ውስጥ አወጣ፤ ያ ያማረ ጽሑፌ ከሩቅ ይታየኛል።

«ጓዲት የሺ፣ የሐሳቡ ባለቤት ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። እውነት የአንቺ ነው? ካልሆነ መንግሥትን አታለሻል ማለት ነው፤ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። እናቴ ታየችኝ። ብቻዋን ናት፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ ጋሽ ሐጎስም ከእሳቸው ሌላ ሰው የሌላት ልጅ ነበረቻቸው። ዓይኔ ወደ በሩ ሸሸ። እሳቸው ግን አይተውት ኖሯል። ፊታቸውን ወደ ሊቀመንበሩ መለሱ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። «የእሷ ነው። ጎረቤቴ ናት፤ ወረቀት ላይ ስትሥል አይቼ ነው የቀረጽኩት።»

«እውነት ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢታፈን እንኳን አንድ ነገር ነበር።

ጥፋታቸውን አምነዋል ተብሎ በማስጠንቀቂያ ታለፉ። ፈቃዱን ግን ተከለከሉ። ሁለት የቀበሌ ሰዎች ከእሳቸው ጋር ግቢያችን ድረስ መጥተው ፈረሰኞቹን፣ ልክ መቁረጫ ወረቀቶቹን፣ ድንጋይ ተንጠልጥሎባቸው የሚደርቁትን ጅማቶች ሳይቀር ጆንያ ውስጥ ከተቱ። ለተ ስታለቅስ፣ እኔ ቤት ውስጥ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ሁለተኛ ፈረሰኛ ላይቀርጹ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ የበርጩማ እግርና የመጥረቢያ እጀታ ነበር የሚሠሩት። እጀታ ሲሠሩ መነጽራቸውን በክር አያስሩም ነበር፤ አንዳንዴም አላፊ አግዳሚውን ቀና ብለው ያያሉ። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ ጓለይ» ማለታቸውን አልተዉም። እኔ ግን እሳቸው ቀድተው እስኪገቡ ድረስ ቧንቧው ጋ ላለመውጣት ባልዲዬን ይዤ በር ላይ እጠብቅ ነበር።

የሰማያዊው ፈረሰኛ ዕድሜ አንድ ዓመት አልሞላም። መጋዘን ውስጥ የቀረው ቀልጦ እንደገና ባልዲ ሆነ። የእንጨቶቹ አንዳንዶቹ ግን በየሰው ቤት አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ቤት ቡፌ ላይ ቆሞ አየሁትና ሰው ሳያየኝ ዘንጉን አነሳሁለት። አልወረደም። እኔ አግብቼ ከሰፈር ወጣሁ፣ ወለድኩ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጓድ መባባል ቀረ። መናገር የማያስቀጣበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። አንድ ቀን ሄጄ እነግራቸዋለሁ ስል፣ ለገና ስል፣ ለፋሲካ ስል፣ ዕድሜዬ ሄደ። ያኔ የከለከለኝ ፍርሃት ነው እላለሁ፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን እፍረት ቦታውን ያዘው፣ እፍረት ደግሞ መንግሥት ቢለወጥም አይለወጥም።

አምና ጋሽ ሐጎስ አረፉ። መርዶውን የሰማሁት ዘግይቼ ስለነበር ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም፤ የሄድኩት በሠልስቱ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነው የሄድኩት፤ ለተን ለብቻዋ አድርጌ፣ ያ ፈረሰኛ የአባትሽ ነው፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ቀበሌ ፊት የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ ነው ሌባ የሆኑት ልላት ነው። እንዳልነገርኳት ታውቃላችሁ፤ ብነግራት ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንብባ እንድትረዳው አልጽፍም ነበር።

ለተ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ዓይኗ ያው የልጅነቷ ነው። ገብቼ ከተቀመጥኩበት አወቀችኝ። ከለቀስተኛው መሐል ተነስታ መጣችና እኔ አፌን ሳልከፍት ሰው ሁሉ ፊት ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

«እትዬ የሺ፣ ይምጡልኝ ብዬ ስጸልይ ነበር» አለች። «አባዬ ያኔ ሥራዎን ወስዶ ቀበሌ ያስቆመዎትን ነገር አውቃለሁ። ከልጅነቴ ሲቀርጸው ባይም፣ ከእርስዎ ሥዕል ነው የወሰድኩት ብሎ ቀበሌ ፊት ያመነው ራሱ ነው። ትምህርት ቤት የሌባው ልጅ ይሉኝ ነበር። እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ ብዬ ስጣላው ‹የሺን ምንም እንዳትያት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። እስኪሞት ድረስ አኩርፌዋለሁ፣ እትዬ። አሁን ነፍሱ እንዳትጨነቅ ይቅር ይበሉት። አደራዎን።»

ለሟች ይቅርታ ሲለመን ዝም አይባልም። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊቶች «ይቅር በይው፣ ይቅር በይው እህቴ» እያሉ ትከሻዬን ይነካሉ። ለተ ጉልበቴን ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች። ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«ይቅር ብያቸዋለሁ» አልኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አመሰገነኝ።